ዶሮ የሌለበት የእናኑ ዶሮ

አንድ የደጋ መንደር ውስጥ እናኑ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። ልጇ ስንዱ ለአንድ ባለጸጋ ገበሬ ልጅ ታጭታ፣ ሠርጉ አንድ ወር ሲቀረው የሙሽራው ወገኖች ቤቷ ሊመጡ ቀን ቆረጡ።

በዚያ አገር እንዲህ ያለ እንግዳ ያለ ዶሮ ወጥ አይስተናገድም። አሥራ ሁለቱ ብልት ሳይጎድል ካልቀረበ «ተናቅን» ተብሎ እጮኝነቱ ይፈርሳል። ሌላም ወግ ነበራቸው፤ ከእንግዶቹ ታላቁ ቀምሶ የምግቡን ስም ሳይጠራ ማንም እጁን ወደ ገበታው አይዘረጋም። እሱ የጠራው ስም ደግሞ አይመለስም።

እንግዶቹ ሊመጡ አራት ቀን ሲቀራቸው መንደሩን ፈንግል ገባው። ይህ የዶሮ በሽታ አይጣል ነው፤ እናኑ ቤት አንዲት ጫጩት እንኳ አልተረፈችም። ከጎረቤት እንዳትበደር የጎረቤቱም ቆጥ ባዶ ሆኗል። ቀኑ ይተላለፍልኝ ብትል እሱም ያው ንቀት ነው። ሌላ ሴት ብትሆን አሞኛል ብላ ትተኛ ነበር። እናኑ ግን ሽንኩርቷን መክተፍ ጀመረች።

በቀጠሮው ቀን ከንጋት ጀምራ አቁላላች፤ በርበሬውን አበሰለች፤ ቅቤውን ጨመረች። ከዚያ የሽምብራ ዱቄት አቡክታ ክንፉንም፣ ቅልጥሙንም፣ ለታላቅ እንግዳ የሚሰጠውን ፈረሰኛውንም በእጇ እየቀረጸች አሥራ ሁለቱን ብልት አወጣች። ጠብሳ ወጡ ውስጥ ከተተችው። እንቁላሉንም አልረሳችም፤ ከዚያው ሊጥ አድበለበለችው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሴትየዋ ትገርመኛለች።

እንግዶቹ ገብተው ተቀመጡ። የወጡ ሽታ ቤቱን ሞልቶት ስለነበር ደርሰህ የሚባለው የሙሽራው አባት ገና ሳይቀርብለት ደስ ብሎት ነበር። ፈረሰኛው ከሁሉም በዕድሜ ታላቅ በሆኑት በአለቃ ዘውዴ ፊት ቀረበ። እናኑ ዝም ብትል ምናልባት በዚያ ሁሉ በርበሬ ውስጥ ማንም አያውቅባትም ነበር። እሷ ግን ፊታቸው ቆመች።

«አለቃ፣ ሳይቀምሱ አንድ ነገር ልንገርዎ» አለች። «ወጡ ውስጥ ዶሮ የለም። ዶሮዎቼን ፈንግል ጨረሰብኝ። ያቀረብኩልዎ የሽምብራ ሊጥ ነው።»

ደርሰህ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። ከጓዳ በር ሆና የምትሰማው ስንዱ ትዳሯ እዚያው ገበታ ላይ የቀረ መሰላት። አለቃ ዘውዴ ግን አልተነሡም። ቆርሰው ጎረሱ፤ ዝግ ብለው አላመጡ፤ ደግመው ጎረሱ።

«ዶሮ ነው» አሉ።

«ኧረ አለቃ፣ ባለቤቷ ራሷ ሽምብራ ነው እያለችዎ?» አለ ደርሰህ።

«ሰምቻለሁ። ሰባ ዓመት ሙሉ ዶሮ ያበላኝ ሁሉ ዶሮ የነበረው ሰው ነው። ሳይኖረው ይህን ያህል የደከመልኝ፣ ደክሞም እውነቱን የነገረኝ ሰው ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ለእኛ ክብር የተሠራ ዶሮ ነው ብያለሁ። ተቀመጥና ብላ።»

ስሙ ተጠርቷልና ደርሰህ ተቀመጠ። መጀመሪያ እያኮረፈ በላ፤ በኋላ ጭማሪ የጠየቀውም እሱ ነው ይባላል። ሠርጉም በቀኑ ተደገሰ።

በዓመቱ መንደሩ እንደገና በዶሮ ተሞላ፤ የሽምብራው ወጥ ግን አልቀረም። ዛሬም በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ «የእናኑ ዶሮ» ብሎ ያዝዝና አጥንት ሲያጣ ተታለልኩ ብሎ ይቆጣል። የሚያስተናግዱት ሰዎችም ቁጣው እስኪበርድለት ጠብቀው ይህን ታሪክ ይነግሩታል።

ወዳጆቼ፣ ያን ስም እናኑ አላወጣችውም፤ እሷ የጎደላትን በአደባባይ ተናግራለች። ስሙን ያወጡላት ድካሟን ያዩላት ሰው ናቸው። ድሃ ሲያስተናግደን የጎደለውን መቁጠር ለማንም ቀላል ነው፤ የደከመበትን አይቶ በክብር ስም መጥራት ግን ትልቅ ሰው ይጠይቃል። እስቲ እናስብ፤ የሌለውን ሳይደብቅ ያለውን ሁሉ ያቀረበልን ሰው በእያንዳንዳችን ሕይወት ውስጥ አለ። ያቀረበልንን ምን ብለን ጠራንለት?