መሸኛ ያልወሰደው ላይብረሪ

ማርያምን ብዬ ብምልላችሁም አታምኑኝም፤ ቢሆንም እነግራችኋለሁ። አንድ ቀን በከተማችን ዳር ባለው የምርምር ጣቢያ፣ ዝናብ መቼ እንደሚጥል የሚያሰላው ሱፐርኮምፒውተር አሻፈረኝ አለ። ሱፐርኮምፒውተር ስላችሁ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠዋ እንዳትመስላችሁ። አራት የእህል ወፍጮ ያክላል። ሲነሳ የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ዓይኑን ያጠባል፤ ከጩኸቱ የተነሳ የግቢው ድመቶች በምልክት ነው የሚነጋገሩት።

የግቢው ዘበኛ ጋሽ ደምለው ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሩን ጠብቋል። የማሽኑ አለቃ ደግሞ ዶክተር ምናሴ ይባላል፤ የማያውቀው ነገር ቢኖር አለማወቅን ብቻ ነው።

ዶክተሩ ለዝናቡ ስሌት የሚሆን፣ የድሮውን የሚተካ አዲስ ላይብረሪ (መጽሐፍ ቤት ሳይሆን ማሽኑ በስም እየጠራ የሚሠራበት የትእዛዝ ጥርቅም ነው) አምጥቶ ኮምፓይል ሊያደርገው፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ማሽኑ እንዲውጠው አድርጎ ሊፈጨው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቢታገል ማሽኑ መልሶ ይተፋበታል። በአራተኛው ቀን ጥፋተኛ ተገኘ።

«አንተ ነህ፤» አለው ጋሽ ደምለውን። «ሬዲዮህን ማሽኑ ክፍል ሶኬት ላይ ሰክተህ አይቼሃለሁ። ኤሌክትሪኩን ያወክብኝ አንተ ነህ።»

«ኧረ ዶክተር፣ ዜና ብቻ ነው የሰማሁበት።»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተስተካከለ ትሰናበታለህ።»

ደብዳቤውንም ሰዓቱ ሳይደርስ እዚያው አስጽፎ ፈረመበት፣ መዝገብ ቤት ልኮም ቁጥርና ማህተም አስደረገበት፤ «ሥራ በማስተጓጎሉ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብቷል» ይላል።

ጋሽ ደምለው ማሽኑ ፊት ወደተቀመጠችው ባለሙያ፣ ወደ ዝናሽ ጠጋ አለ።

«ልጄ፣ ለመሆኑ ምን እያለ ነው የሚተፋው?»

«‹ይሄ የድሮው ነው፣ አዲሱን አምጡ› ይላል፣ ጋሼ። አዲሱን ከሰጠነው ግን ይኸው አራተኛ ቀናችን።»

«የድሮውስ የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም፤ እዚያው ቦታው ላይ ነው።»

«ስማቸው?»

«ያው አንድ ነው።»

ይሄን ጊዜ ጋሽ ደምለው በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ባለፈው ዓመት ከቀበሌ ዜሮ ሦስት ወደ ዜሮ ሰባት ቤት ቀይሮ፣ መታወቂያ እስኪያወጣ ሁለት ጥንድ ጫማ ጨርሷል።

«ዶክተር፣» አለ፤ «ዜሮ ሰባት ሄጄ መዝግቡኝ ብል፣ ‹አንተ እኮ ዜሮ ሦስት ነህ፤ ከዚያ ሳትሰረዝ መሸኛ ሳትይዝ አናውቅህም› ብለው ሰባት ወር አንከራተቱኝ። እዚህም ማሽኑ ስሙን ሲጠራ ቀድሞ ‹አቤት› የሚለው የድሮው ነው። እሱን ሰርዛችሁ ሸኙት፤ ከዚያ አዲሱን መዝግቡ።»

«እኔ ሱፐርኮምፒውተር በቀበሌ አሠራር አልመራም።»

«ይሁን እንግዲህ። ቀበሌው ሰባት ወርም ቢፈጅበት እኔን መዝግቧል። የእርስዎ ማሽን እስካሁን ማንን መዘገበ?»

ዝናሽ ሳቋን በእጇ አፍና ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አርመሰመሰች። የድሮውን ከነስሙ ሰረዘች፣ አዲሱን አስገባች፣ እንደገና አስነሳችው። ማሽኑ አጓራ፤ አምፖሎቹ ዓይናቸውን አጠበቡ፤ ድመቶቹ ወደ አጥሩ ፈረጠጡ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ፈጭቶ ጨረሰ። አንዲት ቃል አልተፋም።

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ስክሪኑ አልተለወጠም። ከዚያ በእጁ የያዘውን ደብዳቤ አየ።

«ይሄ ነገር ቁጥር ወጥቶበታል፤» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማህተምም አርፎበታል፣ መዝገብ ቤትም አልፏል። አሁን ተመለሰ ቢባል ማን ይሰማኛል? ምን ላድርገው?»

ጋሽ ደምለው አፉን ሊከፍት ሲል ዝናሽ ቀደመችው።

«ስሙን ብቻ ቀይረው ለድሮው ላይብረሪ ይስጡት፣ ዶክተር፤ መሸኛ ይሆነዋል።»