አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የቆመው ድምር

አንድ ጊዜ የቆላ አራዊት ተሰባስበው የማሽላ ማኅበር አቋቋሙ። አንበሳ ሊቀመንበር ሆነ። እመት አህያ ደግሞ ሁለት ሥራ ተደራረበባት፤ ጆንያውን ከየቤቱ ወደ መጋዘን ትሸከማለች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ በኮምፒውተር ትመዘግባለች። አህያ ስትለፋ ማን ይገረማል? የድምሩን ቀመር የሠራው ግን ቀበሮ ነበር፤ አንድ ቀን ሠርቶ ዓመቱን ሙሉ ሲኩራራበት ከረመ።

በሁለተኛው ዓመት አሥራ ሁለት የነበሩት አባላት አሥራ አምስት ሆኑ። ጃርት፣ ጥንቸልና ጅግራ ገቡ፤ ስማቸውም ከዝርዝሩ ግርጌ ተጻፈ። ሁሉም እኩል አሥር አሥር ጆንያ አስገቡ። ነጋዴው ዝሆን መጥቶ ማሽላውን በሙሉ በሦስት መቶ ሺህ ብር ጠቅልሎ ገዛ። ኮምፒውተሩም ለአንድ ጆንያ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ይደርሳል አለ።

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ።

«ሃያ አምስት ሺህ ብር! ሁለት በግ እገዛበታለሁ። ኧረ ሦስት!»

አህያ ግን ደስ አላላትም። የተሸከመችው እሷ ናት፤ መቶ አምሳ ጊዜ ተመላልሳለች፤ ይህን ወገቧ ያውቃል። ስክሪኑ ደግሞ መቶ ሃያ ጆንያ ይላል። በዚህ ስሌት ከተከፈለ ወረፋው ጃርት ጋ ሳይደርስ ገንዘቡ ያልቃል። ጅግራ ስድስት ጫጩቶቿን አስከትላ ባዶዋን ልትመለስ ነው። ሌባ የምትባለው ደግሞ መዝጋቢዋ ናት። አህያ ፈራች፤ ሄዳም ቀበሮን ጠየቀችው።

«አቶ ቀበሮ፣ ሠላሳ ጆንያ ጎደለብኝ።»

«ኮምፒውተር ተሳሳተ ልትይኝ ነው?»

«እኔ እንኳ የተሸከምኩትን ነው የምናገረው።»

«እንግዲያው ሸክምሽን ተሸከሚ፤ ሒሳቡን ለሚያውቅ ተዪው!»

ንግግሩ ከነከናት። ተመልሳ ድምሩ ያለበትን የሠንጠረዡን ክፍል ነካ ስታደርገው ቀመሩ ተገለጠ፤ የሚደምራቸው ረድፎችም በሰማያዊ መስመር ተከበቡ። መስመሩ ከአንበሳ ስም ተነስቶ ቁልቁል ወርዶ፣ አሥራ ሁለተኛዋ አባል ጦጣ ላይ ቀጥ ብሏል። ጃርት፣ ጥንቸልና ጅግራ ውጭ ቀርተዋል! ቀመሩ የተሠራው አባላቱ አሥራ ሁለት በነበሩ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።

አሥራ ሁለቱን በአሥራ አምስት ልትለውጥ ሰኮናዋን ሰደድ አደረገችና ተወችው። ለከርሞ አሥራ ስድስት ቢሆኑስ? ስለዚህ ቀመሩን ከመጀመሪያው ስም እስከ መጨረሻው ስም፣ ስንትም ይሁኑ ስንት፣ እየተዘረጋ እንዲደምር አድርጋ ጻፈችው። ድምሩ መቶ አምሳ መጣ፤ የአንድ ጆንያ ድርሻም ሁለት ሺህ ብር ሆነ። ከደስታዋ ብዛት አናፋች።

የክፍያው ቀን ደረሰ።

«ሃያ ሺህ ብቻ?» ብሎ ጅቦ ጮኸ። «አምስቱን ሺህ ይቺ አህያ በልታዋለች!»

አንበሳ ዞር ብሎ አያት። እሷም ስክሪኑን አዞረችለት።

«ጌታዬ፣ ቀመሩ አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆሞ ነበር። አዲሶቹን ሦስቱን አይቆጥርም ነበር።»

«አቶ ቀበሮ፣ ይህን ታውቅ ነበር?» ሲል አንበሳ ጠየቀ።

«ኧረ በፍጹም! ገና ዛሬ መስማቴ ነው።»

«እንዴት ዛሬ?» አለ ጅቦ ተናዶ። «ባለፈው ሳምንት አልነገርከኝም? ‹አሥራ ሁለት ላይ መቆሙን ለማንም አትተንፍስ፣ እኛ ምን ቸገረን› አላልከኝም?»

ቀበሮ ጭራውን በእግሮቹ መሃል ወሸቀ። ጅቦ ግን ምን እንደተናገረ እንኳ አልገባውም።

አንበሳ ቀበሮን ዳግመኛ ኮምፒውተሩ አጠገብ ዝር እንዳይል ከለከለው፤ እሱና ጅቦ ከወረፋው ጭራ እንዲሰለፉም አዘዘ። ጅቦ የመጨረሻው ሆነ። ጅግራ ድርሻዋን ተቀብላ ጫጩቶቿን እየነዳች ስትሄድ አያት፤ የገንዘቡ ሣጥንም እየጎደለ ሲሄድ አየ። ላብ አጠመቀው።

«እመት አህያ፣ ለእኔ ይተርፈኛል ወይ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አይዞህ አያ ጅቦ፣ አንተም ተቆጥረሃል» አለችው።

ተራው ሲደርስ ሣጥኑ ውስጥ የቀረው ልክ ሃያ ሺህ ብር ነበር።

ከዚህ የምንማረው አዲስ አባል ስናስገባ ስሙን መጻፍ ብቻ ሳይሆን የምንቆጥርበትንም ክልል አብረን ማስፋት እንዳለብን፣ በጠባብ ቆጠራ የተደሰተም አንድ ቀን ራሱ መጨረሻ ላይ ሊሰለፍ እንደሚችል ነው።