የድንቄ ገል

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ዘመን፣ ድንቄ የምትባል ሸክላ ሠሪ ሦስት ልጆች ነበሯት። ወገኖቿ በከተማው ውስጥ ከመቶ ቤት አይበልጡም። የከተማው ሰው ውኃውን በእነሱ እንስራ ይቀዳል፣ ወጡን በእነሱ ድስት ይሠራል፤ ሠሪዋን ግን ከደጃፉ አያሳልፋትም። ውኃ ብትለምን እንኳ ለእሷ ብቻ በተለየ የተሸረፈ ቅል ነው የሚሰጣት። ጉድ እኮ ነው!

አንድ ቀን የከተማው ምክር ቤት የሸክላ አፈር የሚወጣበትን ጉድጓድ ደፍኖ መናኸሪያ ሊሠራበት ተነሳ። አፈሩ ከሌለ ሸክላ የለም፤ ሸክላ ከሌለ እንጀራ የለም።

የበኩር ልጇ ላቀው ትውልዱን ደብቆ ምክር ቤት የገባ ሰው ነበር። አንዴ ገበያ ላይ ጓደኞቹ «ይቺ የምትጠራህ ሴትዮ ማናት?» ሲሉት «ማሰሮ ሻጭ ናት» ብሎ አልፏል። ውሸት አልነበረም፤ ድንቄን ያንገበገባትም ይኸው ነው። በውሳኔው ቀን ግን ብድግ አለና «እኔም የማሰሮ ሻጯ ልጅ ነኝ» አለ። ጉባኤው ታወከ፤ ድምፅ መስጠቱም ለሳምንት ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ አብሮት ምሳ የሚበላ ጠፋ።

ሳምንቱ ሳይሞላ፣ ድምፁም ሳይሰጥ፣ ዶዘር መጣ። ሁለተኛዋ ልጅ አስናቀች ሴቶቹን አስከትላ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀመጠች። «መጀመሪያ እኛን ድፈኑ!» ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ሄደ። ታዲያ በንዴቷ የከተማውን ሰው፣ ደጉንም ክፉውንም፣ አንድ ላይ ሰደበችው። ገበያተኛው አኩርፎ ሁለት ወር ሸክላ አልገዛም። ስንቱ ሕፃን ጦሙን አደረ።

ታናሹ መኩሪያ አፈ ቅቤ ነው። በየሽማግሌው ደጅ ሲጠና ሰንብቶ ከከተማው ሰው ሦስት መቶ ፊርማ ይዞ ከተፍ አለ። ምክር ቤቱም ፊርማውን ሲያይ መናኸሪያውን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረ። ለካስ ልጁ «የቅሉን ነገር ዳግመኛ አናነሳም» ብሎ በወገኖቹ ስም ቃል ገብቷል።

«ማን ወከለህ?» ብላ ጮኸችበት ድንቄ።

«አፈሩ ተረፈልሽ አይደል፣ እማዬ?» አላት።

ዓመት ሲዞር የላቀው የምክር ቤት ዘመን አበቃ፤ ለሸክላ ሠሪዎቹም በምክር ቤቱ ወንበር ተሰጠ። አንድ ብቻ! ለሦስቱ እጩዎች፣ ለሦስቱ የድንቄ ልጆች፣ ሦስት ማሰሮ ተደረደረ፤ እያንዳንዱ ሰው በሚመርጠው ማሰሮ ውስጥ ገል ይጥላል። ተቆጠረ፤ ሦስቱ እኩል ወጡ። ሳልመርጥ ያልፍልኛል ብላ ጥግ ይዛ የነበረችው ድንቄ ብቻ ቀረች።

ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። እንደገና ትነሳለች። ላቀው ዓይኗን ይሸሻል፤ አስናቀች አፍጥጣባታለች፤ መኩሪያ ፈገግ ይላል። ገሉ መዳፏን ቧጭሮታል።

«ኧረ ይጣሉት፣ እማማ ድንቄ!» ይላል ሕዝቡ።

«ሦስት ወልጄ ወንበሩ አንድ ሆነብኝ» አለች።

ከሦስቱ አንዱ ባይኖር ጉድጓዱ ዛሬ መናኸሪያ ነበር። እንግዲህ ፍረዱ፤ ወንበሩ የሚገባው ለማን ነው? ብቻ ስትከራከሩ ቶሎ በሉ፤ ሴትየዋ ገሏን እንደጨበጠች አሁንም ቆማለች።