ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለችው ሴት

«አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ» አለ ጋሽ ልሳኑ፤ ፊቱ በንዴት ተለዋውጧል። ያናደደው ወጣቱ ምናሉ ነው። ፎቶ ማሳመር ሊጀምር ስልኩ ላይ ስድስት ፕሮግራም ጭኖ፣ «ጋሼ፣ ለጀማሪ ቶሎ የሚያሳምረው የቱ ነው?» አለው።

«ፎቶ አንሺው እንዳንተ ችኩል ነበረ» ብሎ ምናሉን እያየ ቀጠለ። ሁለት ፕሮግራም ቀረበለት። አንደኛው አንድ ስትነካ አንድ ነገር ብቻ ይሠራል፤ ብርሃኑን ለብቻ፣ ጥላውን ለብቻ። ተቀምጠህ ካልተማርከው አይታዘዝህም። ሌላው አንዴ ከተጫንከው ሁሉንም ራሱ ይጨርሰዋል። «ምን አለፋኝ!» ብሎ ይሄኛውን ያዘ።

አንዲት ልጅ እናቷ ሞቱባትና ጉርድ ፎቷቸውን ይዛ መጣች። ሌላ ፎቶ የላቸውም። ለለቅሶው ድንኳን በትልቁ እንዲያወጣላት ለመነችው። ተጫነው። ፊታቸው ቀላ፣ ሽብሽቡ ጠፋ፣ የአንገታቸው ንቅሳት ሳይቀር እንደ እድፍ ታጠበ። እሱ ያየው ማማሩን ብቻ ነው።

በማግስቱ ሥራው ሲደነቅ ሊሰማ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። የሟች ታላቅ እህት ከገጠር ደረታቸውን እየደቁ መጡ። ፎቶው ፊት ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ዙሪያውን አዩና፣ «ይቅርታ ልጆቼ፣ ለቅሶ ቤት ተሳስቻለሁ» ብለው ተመልሰው ወጡ።

ልጅቷ አክስቷን ከመንገድ መልሳ ገባች። ፎቶውን ከተሰቀለበት ነጥቃ አወረደችው።

«እማዬን ምን አደረግሃት?»

«እኔ አይደለሁም እኮ፣ ፕሮግራሙ ነው!»

«አደራ ያልኩት ፕሮግራሙን ነው? በል መልሳት!»

ሮጦ ፎቶ ቤቱ ገባ። ግን ምኑን ይመልስ? ምን እንደጠፋ አያውቅ፣ በምን እንደጠፋ አያውቅ። ደግሞ ቢጫነው ፊታቸው ይባስ ነጣ። አንገቱን ደፍቶ ያችኑ ጉርድ ፎቶ ይዞ ተመለሰ። አክስትየዋ መዳፋቸው ላይ አድርገው ንቅሳቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ያኔ ገና አለቀሱ።

ጋሽ ልሳኑ ወደ ምናሉ ዞረ።

«ያ ሰውዬ አንተ ነህ! ስድስት ጭነህ አንዱንም አታውቅም፣ ጭራሽ ቶሎ የሚያሳምረውን ትለኛለህ። አምስቱን አጥፋ። አንድ ስትነካው አንድ ነገር የሚሠራውን፣ ያበላሸኸውን የሚመልስልህን አስቀር። ምን እንደሚያጠፋ ሳታውቅ የሰው ፊት ላይ አንድም ቁልፍ እንዳትነካ! ፎቶው ቢያስጠላ ሰው ይስቅብሃል እንጂ እናቱን አያጣም።»