በክርስትና ስም የተቆረጠ ደረሰኝ

አንድ ሰው ነበረ፤ ለቤተ ክርስቲያን የሰጠውን በወረቀት ለማስረዳት አፍሮ ሠራተኛውን አሰናበተ።

እንዲህ ብለው የጀመሩት አለቃ ዘውገ ናቸው። የጠየቀቻቸው ትርሲት የምትባል ባለ ዳቦ ቤት ናት። «አለቃ፣ ለቤተ ክርስቲያን በሰጠሁት ገንዘብ ደረሰኝ ግብር ባስቀንስ፣ ስጦታዬ ስጦታ መሆኑ ይቀራል?» አለቻቸው። አዎም አይደለምም አላሏትም። ይህን ነገሯት።

ሰውየው ባለ ወፍጮ ነበር። ወፍጮውን ያገኘው በጀርባው ነው። እናትና አባቱ ሞተውበት በእህል ገበያ ኩንታል እየተሸከመ አደገ። ያደረው ጆንያ ላይ ነው፤ የበላው ሌላው ያስተረፈውን ነው። አንድ ቅዳሜ የሳምንት ድካሙን ዋጋ ቢጠይቅ፣ ነጋዴው በሰው ፊት «ወግድ፣ ለማኝ!» ብሎ አባረረው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ምንም ላለመጠየቅ ለራሱ ማለ። ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ አይናገርም ነበር።

ሲያልፍለት የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ማፍሰስ ጀመረ። ሰውየው በየወሩ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ወደ ሰበካ ጉባኤው ቢሮ ይሄዳል። ጸሐፊው ደረሰኝ ሊቆርጥ ስም ሲጠይቀው፣ በዚያ ግቢ ሁሉም እንደሚያደርገው የክርስትና ስሙን ይናገራል፤ ወልደ ገብርኤል። ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ ይከትና ይወጣል። ሲወጣ ደግሞ በሩ አጠገብ ባለው ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ፣ ማንም ሳያይ፣ ሌላ ይጨምራል።

አንድ ዓመት ገበያው ቀዘቀዘ፣ ግብሩ ግን ከበደ። በጊዜው በነበረው ደንብ፣ እንዲህ ያለ ስጦታ ደረሰኝ ካለው ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ይቀነስ ነበር። ሰውየው ደረሰኞቹን ሰብስቦ ግብር ቢሮ ሄደ። ሠራተኛዋ አገላብጣ አየቻቸው።

«አባቴ፣ ወልደ ገብርኤል ማን ናቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ንግድ ፈቃድዎ እኮ አሰጌ ነው የሚለው።»

«እሱ የዓለም ስሜ ነው። ይሄ የክርስትናዬ ነው።»

«ታዲያ ግብር የሚከፍለው የትኛው ነው?»

ሰውየው ደረሰኞቹን መሰብሰብ ጀመረ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ክፋት አልነበረውም። «ምን ላድርግ አባቴ፣ ለክርስትና ስም የግብር ከፋይ ቁጥር አንሰጥም። ሁለቱም ስም የእርስዎ መሆኑን ሰበካ ጉባኤው በደብዳቤ ይጻፍልዎት። ወሩ ሳያልቅ ያምጡልኝ፣ እቀንስልዎታለሁ።»

ከቢሮው ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አልሄደም። ሰጥቶ ሲያበቃ ወረቀት ፍለጋ መመለስ፣ የሰጠውን መልሱልኝ እንደማለት መሰለው። ለራሱም «ትሕትና ነው» አለው። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ሒሳቡን ቢያሰላው፣ ሙሉውን ግብር ከፍሎ አራት ሠራተኛ ይዞ ክረምቱን መዝለቅ አይችልም። በመጨረሻ የወፍጮውን ድንጋይ በመዶሻ እየወቀረ የሚስለውን ወቃሪ፣ ከአራቱ በዕድሜ የሚበልጠውን፣ ጠርቶ ነገሩን አስረዳና አሰናበተው።

ሽማግሌው መዶሻውን በጨርቅ ጠቀለለ። «እንግዲህ አንተ ለእግዜር ሰጥተህ እኔን ታስወጣለህ። አንዲት ደብዳቤ መጠየቅ አቅቶህ!»

«እኔ ሰው አልለምንም።»

«ይሄ መቼ ልመና ሆነ? ስምህን ነው የምትጠይቀው።»

ይህን ብሎ ሄደ። ሰውየው ማታ ደረሰኞቹን አውጥቶ በየወሩ ደረደራቸው። በማግስቱ ጠዋት ሰበካ ጉባኤው ቢሮ ገባ።

ጉዳዩን ሲናገር ጥግ የተቀመጡ አንድ የጉባኤው አባል ሳቁ። «ለእግዚአብሔር ያበደርከውን ልትሰበስብ መጣህ?»

 በዚያ ቅዳሜ የተባረረው ልጅ ቢሆን ሮጦ በወጣ ነበር። ይህኛው ግን ቆመ። «የሰጠሁት እዚያ ጣራው ላይ ነው፣ ጋሼ። አንድ ቆርቆሮ አልነቅልም። ስሜን ብቻ አስተካክላችሁ ጻፉልኝ።»

ሳቁ ቆመ። ጸሐፊው ቢሮው ውስጥ የቀረውን የደረሰኝ ቅጂ ሰውየው ካመጣቸው ደረሰኞች ጋር አመሳከረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሙዳየ ምጽዋትም ሳትሰጥ አትቀርም፤ እሱንስ? በግምት ልጨምርልህ? አንተ እንደሆንክ ሐሰተኛ አይደለህም።»

«አይሆንም» አለ ሰውየው። «እሱን ያየ የለም፤ እኔም አላሳይም። የተጻፈውን ብቻ።»

ደብዳቤው ተጻፈ፣ ማኅተም አረፈበት። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ግብሩ ተቀነሰለት። ጣራው እንደሆነ እዚያው ቦታው ነበር።

አለቃ ዘውገ ወደ ትርሲት ዞሩ።

«አንቺም ያ ሰው ነሽ፤ ዳቦ ቤትሽም ወፍጮው ነው» አሏት። «ስጦታሽ ከእጅሽ በወጣ ጊዜ ተሰጥቷል። ደረሰኙ ምስክር ነው። ምስክር እውነቱን ቢናገር ስጦታሽን አያጎድለውም፤ ከእውነቱ አልፎ ቢጨምር ግን ያበላሸዋል። በመታወቂያሽ ስም አስቆርጪ፤ የሰጠሽውን ያህል ብቻ አስመዝግቢ። በስውር የሰጠሽው በስውር ይቆይ። ይሉኝታሽን ደግሞ ትሕትና ነው አትበዪ። ያ ሰው እንዲያ አለ፤ ዋጋውን የከፈለለት ግን ሌላ ሰው ነው።»

ትርሲት ግን ሌላ ጠየቀች። «ወቃሪውስ? መለሰው?»

«ግብሩ በተቀነሰለት ቀን ፍለጋ ሄደ። አገሩ ገብቷል አሉት። ደብዳቤ ላከለት፣ መልስ አልመጣም።»

«ሌሎቹስ?»

«ክረምቱን አብረውት ዘለቁ። ሦስቱም ዛሬ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አሉ።»