የሽታዬ የዘር በርበሬ

ጊዜ ካለፈ፣ ነገር ከተበላሸ በኋላ ለሚጸጸት ሰው የምንጥላት አንዲት አባባል አለች። ልጅ አዋቂው ያውቃታል። ሽማግሌ በእርቅ መካከል ይላታል፤ እናት ልጇን ስትቆጣ ትላታለች፤ ቤት ስለምትመታ ደግሞ አፍ ላይ ደስ ትላለች። መጀመሪያ የተባለችባትን ሴት ግን ማንም አያስታውሳትም። ሽታዬ ነበር ስሟ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እልኸኛ ነበረች እንጂ፣ እልኸኛ ሰው ደግሞ ጠላት ሳይገዛ ራሱን ይጎዳል።

ቤቷ ከጋራው ሥር ነው፤ ከቤቱ ጀርባ ጓሮዋ። እርሻው የባሏ የደምለው፣ ጓሮው የእሷ። ሽታዬ ዓመቱን የምታውቀው በዚያ ጓሮ ነበር። ግንቦት ሲብት መደብ ቆፍራ፣ አመድና ፍግ ቀላቅላ የበርበሬ ዘሯን ታፈላለች፤ ዶሮ እንዳይጭረው እሾህ ትደፋበታለች። ሰኔ ሲያልቅ ችግኙን ነቅላ ትተክላለች። ክረምቱን ጎመኑ ውሃ ጠጥቶ ሲወፍር፣ ዱባው አጥሩን ተሻግሮ የጎተራውን ጣራ ሲይዝ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ እየዋጣት በቅጠሉ መካከል ትዞራለች። መስከረም ላይ የበርበሬው አበባ ነጭ ሆኖ አንገቱን ይደፋል። በጥቅምት የመጀመሪያዋን ቃሪያ ቀጥፋ፣ እዚያው ጓሮው ውስጥ ቆማ በእንጀራ ትገምጣለች፤ ያቺን ለማንም አታካፍልም። ኅዳር ላይ ሲቀላማ ጠዋት ጠዋት ወጥታ ዝም ብላ ታየዋለች።

ደምለው ይህን እያየ ይስቅባታል። «ለኔ እንደምን አደርህ ሳትይ ለበርበሬው ትያለሽ» ይላታል።

«በርበሬው አያኮርፍማ» ትለዋለች።

በርበሬው የእናቷ ነበር። ስትዳር እናቷ ዘሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሰጥታታለች። ዛላው ረጅም፣ ቀለሙ የደም፣ ሲደቆስ ሽታው መንገደኛ ያስቆማል። እናቷ ከሞተች በኋላ በዚያ አገር ይህ ዘር ያለው ከሽታዬ ጓሮ ብቻ ነው። በየዓመቱ ከመጀመሪያው ለቀማ ምርጥ ምርጡን ዛላ ትመርጥና በገመድ ሰክታ ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች፤ ነቀዝ እንዳይገባው እስከ ግንቦት ጢስ ሲጠጣ ይከርማል። ያንን ጉንጉን ማንም አይነካም። ዘሩንም ለሰው አትሰጥም፤ «ዘር ከቤት ከወጣ በረከት ይከተለዋል» ብላ እናቷ አስጠንቅቃታለችና። አንድ ዓመት ጎረቤቷ እማማ ትርፌ፣ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት፣ ጥቂት ፍሬ ቢለምኗት ዘሩን ነፍጋ የተደቆሰ በርበሬ በጣሳ ሰፍራ ሰጠቻቸው። አሮጊቷም መርቀው ተቀበሉ፤ ሁለተኛ ግን አልጠየቁም።

ታዲያ አንድ ዓመት መስከረም ላይ በረዶ ወርዶ አበባውን አረገፈው። የተረፈውን ጥር ላይ የልጇ የማንጠግቦሽ ሠርግ ጨረሰው። ማንጠግቦሽ አንድ ልጇ ናት፤ ከዚያ ጓሮ ውስጥ አረም እየነቀለች ያደገች። ስትሸኛት ሽታዬ አቅፋት «የአያትሽ በርበሬ ከጓሮሽ አይጠፋም፤ መዝሪያው ሲደርስ ዘሩን እሰጥሻለሁ» አለቻት። ልጅቷም ከጥሎሿ ሁሉ ይልቅ ይህን ቃል ይዛ ሄደች። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከቤቱ የቀረው በርበሬ ከምድጃው በላይ የተሰቀለው የዘር ጉንጉን ብቻ ነበር።

በሕማማት የደምለው ታላቅ እህት እትዬ አስካለ ፋሲካን ከነሱ ጋር ልትውል እንደምትመጣ ወሬ ደረሰ። ሽታዬ ይህን ስትሰማ የድሮው ነገር ትዝ አላት። ገና ሙሽራ ሳለች፣ የመጀመሪያ ወጧን ባቀረበች ቀን፣ እትዬ አስካለ ወጡን አይተው በሰው ፊት «ወንድሜ የበሽተኛ ቤት ነው እንዴ የገባው? ምነው ገረጣ?» ብለው ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽታዬ ልጅ ወልዳ ድራ እንኳ ያ ሳቅ ከጆሮዋ አልወጣም።

ቅዳም ሹር ጠዋት እማማ ትርፌ በነጠላቸው ሥር ጎድጓዳ ሳህን ይዘው መጡ።

«የቤትሽን ጉድለት አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «ይቺን መጥነሽ ጨምሪ፤ ለአንድ ዶሮ አታንስም።»

«በእትዬ አስካለ ፊት የጎረቤት በርበሬ ላቅርብ እማማ?»

«በርበሬ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«ይታወቃል። የእርስዎ ይጠቁራል።»

አሮጊቷ ሳህኑን መልሰው ሸፈኑ። ወዲያው የሽታዬ ዓይን ወደ ጉንጉኑ ሲወጣ አዩና ቅር መሰኘታቸውን ረስተው «እሱን እንዳትነኪ» አሉ። «ግድ ካልሽም ሁለት ሦስት ዛላ አውርጂ። ሰንጥቀሽ ፍሬውን ለዘር አራግፊና ልጣጩን ብቻ ደቁሺ።»

«ፍሬው ካልገባበት ምን ይበረክታል?»

«ባይበረክት ይቅር። ዘር እኮ ነው ልጄ።»

 አሮጊቷ ሲወጡ ሽታዬ ጉንጉኑን አወረደች። መጀመሪያ ያሰበችው ግማሹን ነበር፤ ግማሹ የማንጠግቦሽ ነው ብላ ለይታ አስቀመጠች። ለመሰንጠቅ ጊዜ የለም፤ ቶሎ እንዲደቅላት ዛላውን ከነፍሬው በብረት ምጣድ አመሰችው። ሽታው ቤቱን ሞላው። ሙቀጫ ውስጥ ጨምራ ስትወቅጠው ግን ከታች ተኝቶ ታያት፤ መጠኑ አነሳት። ከማንጠግቦሽ ድርሻ ትንሽ ጨመረች። አሁንም አነሳት። እትዬ አስካለ ወጡን ሲያዩ፣ ያኔ የሳቁት ሰዎች ሁሉ አብረዋቸው የሚያዩ መሰላት። «ጓሮው ውስጥ ከረገፈው ራሱ የሚበቅል አይጠፋም» ብላ ራሷን አታለለችና የቀረውንም አምሳ ከሙቀጫው ጨመረችው። ዘነዘናውን ስታነሳ ስትጥል ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። እንደዚያ ቀን በርበሬ ደቁሳ አታውቅም።

ከቀትር በኋላ ደምለው ዶሮውን አረደ። ሽታዬ ቁሌቱን አብስላ በርበሬውን ገለበጠችበት፤ ድስቱ እንደ እሳት ቀላ። ይህን ጊዜ እትዬ አስካለ በበቅሎ መጡ። ከስተዋል፤ ፊታቸው ተጨማዷል፤ ከበቅሎዋም ደምለው ደግፎ አወረዳቸው። ሰላም ሊሏቸው የመጡት እማማ ትርፌ ከደጃፉ መደብ ላይ ቦታ ለቀቁላቸው። እንግዳዋ ግን ገና ሳይቀመጡ ጢሱ ጉሮሯቸውን ያዛቸውና ሳሉ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስለው?»

«ዶሮ ወጥ ነው እትዬ፤ ለእርስዎ ብዬ» አለች ሽታዬ ማማሰያዋን እንደያዘች፣ በኩራት።

«ውይ፣ ለኔ ብለሽ ከሆነስ በከንቱ ደከምሽ። ከገና ወዲህ በርበሬ ባፌ አልዞረም፤ ሆዴን እሳት ሆኖ ይበላኛል። አልጫ ይበቃኛል ብዬ ልኬ ነበር እኮ። ደምለው፣ አልነገርካትም?»

ደምለው የዶሮውን ላባ ከእጁ እያራገፈ ቆመ። «ረሳሁት» አለ።

 «ያኔ በሙሽርነቴ ወጥሽ ገረጣ ብለውኝ ስለነበረ...» አለች ሽታዬ።

«እኔ?» አሉ እትዬ አስካለ ከልባቸው ተገርመው። «መቼ? እኔ እንዲህ ያልኩበትን ቀን አላስታውስም።»

ከዚያ ትልቅ ቁም ነገር የያዙ ሰው ስለሆኑ ይህን ተዉትና ፊታቸው ፈካ። «ይልቅ ስመጣ ማንጠግቦሽ ቤት አድሬ መጣሁልሽ። ምን ያለች ጎበዝ ሆናለች። ጓሮዋን አይተሽ! መደቧን ቆፍራ፣ ፍጉን በትና፣ ዙሪያውን በእሾህ አጥራ ጨርሳለች። አማቷ ‹ምን ልትዘሪበት ነው?› ቢሏት ‹የአያቴ በርበሬ ይመጣል› ብላ ሌላ ነገር አላዘራም አለች። ስመለስ ዘሩን ይዤላት እንድሄድ አደራ ብላኛለች።»

ሽታዬ ማማሰያዋን ጣለች። ወደ ሙቀጫው ሮጠች፤ ውስጡን በጣቷ ጠረገችው። ወንፊቱን ገልብጣ ያልደቀቀውን ኩርድ መዳፏ ላይ ዘረገፈች። አንዳንድ ያልተሰበረ ፍሬ አገኘች፤ ብድግ አድርጋ ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። ጠቁሯል። የታመሰ ዘር እንደማይበቅል ከሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ቀና ብላ ባዶውን ገመድ አየች። ይህ ዘር ከማን ቤት ይገኝ ይሆን ብላ በልቧ ከደጅ ደጅ ዞረች፤ የማንም ቤት አልነበረም፤ ለማንም አልሰጠችምና። እናቷ በነጠላ ቋጥራ የሰጠቻት፣ ልጇ መደብ ቆፍራ የምትጠብቀው፣ ሁሉም ከዚያ ድስት ውስጥ ገብቶ እየተንተከተከ ነበር።

ተመልሳ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቀች፣ ድምፅዋን ሳትሸሽግ። ወጡ ማረር ጀመረ፤ የሚያማስለውም ጠፋ።

«ሽንኩርቱ ነው?» አሉ እትዬ አስካለ ግራ ተጋብተው። ደምለው ወደ ጓሮው ወጣ፤ ምን ሊያይ እንደወጣ እሱም አያውቅም።

እማማ ትርፌ ከደጃፉ ሆነው ሙቀጫውንም ገመዱንም አይተዋል። ሊያጽናኗት ተነስተው ገብተው ነበር፤ አጠገቧ ሲደርሱ ግን የጠዋቱ ሳህናቸውና ያ የድሮው ጣሳ አንድ ላይ ትዝ አሏቸው። ያረረውን ድስት በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ከእሳቱ አወጡላት፤ ከዚያ በላይዋ ቆመው፣ ሳይቆጡም ሳያባብሉም እንዲህ አሏት፦ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።»