የእማማ ደብሪቱ ሻንጣ

ውርጭ አምባ በገባሁበት ዓመት የቧንቧ ውሃ ሊመረቅ ነው ተብሎ ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ። ሰንጋ ተጣለ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ የክብር እንግዶች ከፊት ተደረደሩ። ሪባኑ ተቆርጦ ቧንቧው ሲከፈት ትንሽ አጓራና ጸጥ አለ። ጠብታ እንኳ አልወጣም። ያን ጊዜ ከኋላዬ የቆመች ሴት አንዲት አጭር አባባል ጣል አደረገች፤ የሰማ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ስለ ውሃ በተሰበሰብንበት ቦታ ገንፎን ምን አመጣው?

የእኔ ነገር ደግሞ ይታወቃል፤ አንድ ነገር ከሰማሁ ከነሥሩ ካልነቀልኩት አላርፍም። ሴትዮዋን ተከትዬ ሄጄ ጠየቅኋት። ብርቄ ትባላለች፤ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አላት።

"እሱማ የጎረቤቴ የእማማ ደብሪቱ ነው" አለችኝ። "ሰው እንደየአፉ ያወራዋል። ሻንጣውን አህያ ነው የተሸከመው የሚልም አለ። ውሸት ነው፤ ጭኔ እስኪደነዝዝ የታቀፍኩት እኔ ነኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው።

እማማ ደብሪቱ በገንፏቸው የተከበሩ ሴት ናቸው። በውርጭ አምባ ወላድ ጠይቆ ገንፎ ሳይቀምሱ መመለስ ለጠያቂው ቅሬታ፣ ለቤቱ ደግሞ ነውር ነው። "የእገሊት ገንፎ ቅቤ አልነካውም" ከተባለ ልጁ አድጎ እስኪዳር ይወራል። ጤና ጣቢያ ከተሠራ ወዲህም ይኸው ልማድ ተከትሎ ገባ፤ ጠያቂው ወደዚያው ይጎርፋል፣ ገንፎውም እዚያው ግቢ ባለው ማድቤት ይገነፋል። ስለዚህ የእማማ ደብሪቱ ምራት አስካለ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድበት ጊዜ ሲቃረብ የቤቱ ጭንቀት ሁሉ ገንፎው ሆነ።

አስካለ ግን የምትጨነቀው ለሌላ ነበር። ለክትትል ስትሄድ አዋላጇ ሲስተር ንግሥት፣ "ሻንጣሽን ቀድመሽ አሰናጂ። ከሁሉ በፊት ለሕፃኑ መጠቅለያና ቆብ ያዢ፤ የዚህ አገር ብርድ ለአዲስ ሰው አይራራም" ብላታለች። ከባሏ ከተሻገር ጋር ገበያ ወጥታ ለስላሳ ብርድ ልብስ ገዛች፤ ከክር ትንሽ ቆብ ሠራች። ሁለቱንም ከራሷ ቅያሪ ቀሚስ ጋር ሻንጣው ውስጥ አስቀመጠች።

አንድ ጠዋት ብርቄ ልትጠይቃት ብቅ ስትል፣ እማማ ደብሪቱ ሻንጣውን አልጋ ላይ ዘርግፈውት ደረሰች።

"ይሄ ምንድነው?" አሉ ቆቡን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው።

"የልጁ ነዋ፣ እማማ።"

"የትኛው ልጅ? ላልተወለደ ልጅ ልብስ አይሰናዳም። ማርያምን ቀድሞ መሄድ ነው ይሄ!"

"ሲስተር እኮ ናት ያዢ ያለችኝ።"

"ሲስተር ያላየችውን እኔ አይቻለሁ" አሉ፤ ድምፃቸው ግን ሰለለ።

ብርቄ ምክንያቱን ታውቀዋለች። እማማ ደብሪቱ የበኩር ልጃቸው ገና በሆዳቸው ሳለ እጀ ጠባብ ሰፍተውለት ነበር። ልጁ አንድ ቀንም ሳያድር ሞተ፤ እጀ ጠባቡ ዛሬም ሣጥናቸው ውስጥ ተጣጥፎ አለ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ፈርተው እንጂ በክፋት አልነበረም። አስካለም ታሪኩን ስለምታውቅ አንጀቷ አልችል ብሎ እሺ አለች።

ቆቡና ብርድ ልብሱ ከሻንጣው ወጡ። በቦታቸው የገብሱ ዱቄት፣ የንጥር ቅቤው ጣሳ፣ በርበሬው፣ ትልቁ የእንጨት ገበታ፣ ማማሰያውና በፌስታል የታሰሩ ማንኪያዎች ገቡ። ዚፑ አልዘጋም ሲል የአስካለ ቅያሪ ቀሚስም ተወሰደ።

"እማማ፣ እሷስ ምን ትለብሳለች?" አለች ብርቄ።

"ወላድ ብርድ ልብስ ውስጥ ናት፤ ማን ቀሚሷን ያያል? ማንኪያ ያነሰ እንደሆን ግን አገር ያየዋል!"

ምጡ ከታሰበው ቀድሞ መጣ። ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ ሰሞኑን ሁሉ አላባራም። ባጃጅ ተጠርቶ አስካለና አማቷ ከኋላ ገቡ፤ ብርቄም ሻንጣውን ታቅፋ ከጎናቸው ተጣበበች። ተሻገር ከሹፌሩ አጠገብ ተንጠለጠለ። ባጃጁ ጉድጓድ በመታ ቁጥር ማንኪያዎቹ ይንኳኳሉ፣ አስካለ ታቃስታለች፣ እማማ ደብሪቱ ደግሞ "ቅቤው እንዳይደፋ!" ይላሉ።

ጤና ጣቢያ እንደደረሱ አስካለ ወደ ማዋለጃ ክፍል ስትገባ እማማ ደብሪቱ ወደ ማድቤት ገብተው ውሃ ጣዱ። ዱቄቱን አማስለው፣ ገንፎው ቡፍ ቡፍ ማለት ሲጀምር፣ የሕፃን ድምፅ ተሰማ። እልልታቸውን ገና ሳይጨርሱ ሲስተር ንግሥት የማዋለጃውን በር ከፍታ ብቅ አለች።

"የልጅቷን መጠቅለያ ስጡኝ፣ ቶሎ! ቀኗ ሳይደርስ ነው የመጣችው፤ ሰውነቷ እየቀዘቀዘ ነው። የእኛ ጨርቅ በዚህ ዝናብ አልደረቀም።"

ተሻገር ሻንጣውን ወለሉ ላይ ገለበጠው። የበርበሬው ዕቃ ተንከባለለ፤ ከሥሩ ማንኪያዎቹ ተንኮሻኮሹ። ሌላ ምንም የለም።

"ድግስ ነው ወይስ ወሊድ?" አለች ሲስተር፤ ልትቆጣ ነው ልታለቅስ አይታወቅም።

"ቤት አለ! ሮጬ ላምጣው!" ብሎ ተሻገር ወደ ዝናቡ ወጣ። ቤቱ ግን ዳገቱ ላይ ነው።

ከውስጥ የሚሰማው የሕፃኗ ለቅሶ እየሳሳ ሄደ። እማማ ደብሪቱ ማማሰያውን እንደያዙ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። ያንን ድምፅ ያውቁታል፤ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ ሰምተውታል። ማማሰያውን ጣሉና፣ ጠያቂ ሲመጣ አምሬ ልታይ ብለው የለበሱትን አዲስ ጋቢ ከላያቸው ገፈፉ። ሻሻቸውንም ፈቱ።

"እንኪ! ይኸው! በእናትሽ፣ ልጄን አትርፊልኝ!"

ሲስተር ሕፃኗን የአስካለ ደረት ላይ አስተኝታ ጭንቅላቷን በሻሹ ጠቀለለች፤ ሁለቱንም በጋቢው ሸፈነቻቸው። እማማ ደብሪቱ ሽበታቸው ተገልጦ፣ በስስ ቀሚስ ብቻ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ከንፈራቸው "ማርያም፣ ማርያም" ይላል። ብርቄ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም። ትንሽ ቆይቶ ግን ከጋቢው ሥር አንድ ለቅሶ ወጣ፤ ቁጣ የተቀላቀለበት፣ ጉልበት ያለው ለቅሶ። ከዚያ ደግሞ ጸጥ አለ፤ ጡት ይዛ ነው።

ተሻገር ብርድ ልብሱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ሲመለስ ጠያቂዎቹም ተከትለውት ገቡ። ገንፎው መሃሉ ተጎድጉዶ፣ ቅቤው ሞልቶ፣ በየአቅጣጫው ማንኪያ ተሰክቶለት ቀረበ። የጎደለው ነገር አልነበረም። እማማ ደብሪቱ ግን ሲያስተናግዱ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል።

"ምነው እማማ ደብሪቱ! በዚህ ብርድ ያለ ጋቢ?" አሏቸው አንድ ጠያቂ፣ የጎረሱትን ሳይውጡ።

እማማ ደብሪቱ መጀመሪያ ገንፎውን አዩ፤ ቀጥለው የልጅ ልጃቸው የተኛችበትን ክፍል በር አዩ። ሳቅም እንባም ባንድ ላይ መጣባቸው።

"ብሉ፣ ብሉ፣ የእጄን ነው ያገኘሁት፤ ለጠያቂ ገንፎ፣ ለመጪው ባዶ!"